ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ?

በዚህ ወር ደብዳቤዎች አንድ ቃል ተደጋገመብኝ። «ዘር» የሚል። «ዘራቸው ነው»፣ «ከዘር የመጣ ነው»፣ «በዘርሽ አለ»። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህን ቃል በሽተኛ ፊት ሲነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ፍርድ ቤት እንኳ ይግባኝ አለው። «ዘር ነው» የተባለ ሰው ግን ነጠላውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ከመሄድ ሌላ ምንም የለውም። እኔም ብያለሁ፤ እሱን ከታች እናዘዛለሁ።

አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ፈልጓል፤ ታገሱኝ።

*

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት አስተማሪ ነኝ፤ የምጽፍልሽ ከደብረ ሲና ነው። ሁለት ዓመት የቆየች እጮኛ አለችኝ። ሽማግሌ ልልክ ስል አጎቴ እምቢ አሉ። የልጅቷ እናት ሁለቱም እግራቸው አብጧል፤ ሰው ዝሆኔ ይለዋል። አያቷም እንደዚያው ነበሩ ይባላል። ‹ዘራቸው ነው፤ ነገ በልጆችህ ላይ ይወጣል› ይላሉ አጎቴ። እሷ ጤነኛ ናት፤ እግሯም ደህና ነው። አጎቴ ያሉት እውነት ነው?»

ልጄ፣ አጎትህ ያሉት ከፊሉ እውነት ነው። የሳቱት ግን ትልቁን ነው።

እንዲህ ያለ እግር የነበራት አክስት ነበረችኝ። እቴቴ እንላት ነበር። ከጣርማበር ወዲህ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ደጋ ነው የኖረችው። ልጆች ሆነን ቤቷ ስንሄድ ሁልጊዜ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ከወገቧ በታች ዝተት ጣል አድርጋ ነው የምናገኛት። በርዷት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ረከቦቱን ልታቀርብ ስትነሳ ዝተቱ ወደቀ። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ጣቶቿ እብጠቱ ውስጥ ገብተው ጥፍሮቿ ብቻ ብቅ ብቅ ብለዋል። ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሸካራ ነው። ቶሎ ብላ ሸፈነችውና «ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። ለመዳር የደረሱ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯት።

ነርስ ሆኜ በተመረቅኩ በዓመቱ እቴቴን ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ አመጣኋት። ካርዷ ላይ በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣውን ዝሆኔ ጻፍኩ። ኪኒን ሰጠኋት። ያኔ የተማርነው እሱን ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ። እቴቴ የምትኖረው ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር ነው። ያንን ትል የምታስተላልፍ ትንኝ እዚያ ምን ትሠራለች? የሰጠኋትን ኪኒን አንድ ሳታስቀር ዋጠች። እግሯ ግን ያው እግር ነው። በመጨረሻ ያልኳት «ተይው እቴቴ፣ ዘር ነው» ነበር። ምንም አልመለሰችልኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እቴቴ ላይ የነበረው፣ እንደምገምተው አማትህ ላይም ያለው፣ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ ነው፤ እግርና አቧራ ማለት ነው። ትል የለውም። ትንኝ የለውም። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ አንድ ማዕድ ብትቆርሱ፣ አንድ አልጋ ብትተኙ አይጋባም። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሆነ ቀይ የደጋ አፈር ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በፈረንጆች 1970ዎቹ እዚሁ አገራችን ሲሠራ ነው ነገሩን ከአፈሩ ጋር ያያያዘው። የበሽተኞቹን ንፍፊት ሲመረምር ውስጡ የአፈር ብናኝ አገኘ። ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ብናኙ በቆዳ ይገባል። ከእግር ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣል፣ ያቆስላል፣ ጠባሳ ያወጣባቸዋል፣ በመጨረሻም ይዘጋቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ ይጠራቀማል። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ተገምቷል።

«ታዲያ ዘሩ የት ገባ?» ትለኛለህ። እሱም አለ። በአንድ ቀበሌ ሰው ሁሉ ያንኑ ጭቃ በባዶ እግሩ እየረገጠ የሚያብጠው ጥቂቱ ነው። ለምን? ወላይታ ውስጥ ቤተሰብ በቤተሰብ ተጠንቷል። በሽታው ያለበት ሰው ወንድምና እህት በሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የዘር ድርሻው ሲሰላም 63 በመቶ ወጣ። ከዚያ በፈረንጆች 2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ የ194 በሽተኞችንና የ203 ጤነኞችን ዲኤንኤ፣ ማለትም በየሴላችን ያለውን የዘር ጽሑፍ፣ አነጻጸሩ። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ኤችኤልኤ በሚባሉት ጂኖች ዙሪያ ነው። እነዚህ ጂኖች የሰውነት ዘቦች ናቸው፤ ባዕድ ነገር ሲገባ «ይህ የእኛ አይደለም» ብለው ያሳብቃሉ። የአንዳንዱ ሰው ዘብ ብናኙን አይቶ ዝም ይላል። የሌላው ዘብ ኡኡታውን ያቀልጠዋል፤ በዚያ ጫጫታ ቱቦዎቹ ይቆስላሉ።

አጎትህ ይህን 63 በመቶ ቢሰሙ «አላልኩም?» ይላሉ። ስለዚህ ቁጥሩን በደንብ ያዘው። ቁጥሩ «ከ100 ልጆች 63ቱ ያብጣሉ» ማለት አይደለም። ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር፣ አብጦ የቀረውን ካላበጠው የሚለየው በአብዛኛው ዘር ነው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ጫማ ያደረገበት አገር ላይ ያው ዘር አለ፤ የሚያብጥ ግን የለም። የምነግርህ ተረት አይደለም። በካናሪ ደሴቶች፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያ ይህ በሽታ ነበረ። ሰዉ ጫማ ማድረግ ሲለምድ ጠፋ። የእነዚያን ሰዎች ጂን ማንም አልነካባቸውም። አፈሩም እዚያው አለ። በመሀል የገባው ጫማ ብቻ ነው።

አስተማሪ ስለሆንክ ይህንን ለተማሪዎችህም ብትነግራቸው ደስ ይለኛል፤ ክረምት ላይ ኮንጎ ጫማውን በእጁ ይዞ ጭቃውን በባዶ እግሩ የሚያቋርጥ ልጅ አይጠፋም። ጫማው እንዳይበላሽ እኮ ነው! እናቱ ትቆጣዋለች።

አሁን ወደ እጮኛህ። እግሯ ደህና ነው ብለሃል። ከልጅነቷ ጀምሮ ጫማ አድርጋ ካደገች ከእናቷ የወረሰችው ነገር ቢኖር እንኳ የሚነካው ብናኝ አላገኘም። ልጆች ስትወልዱ መሬት ረግጠው መሄድ ከጀመሩባት ቀን አንስቶ ጫማ ይኑራቸው፤ ሸራም ይሁን ላስቲክ፣ እግራቸውን ይሸፍን እንጂ። ማታ እግር መታጠብ የቤታችሁ ልማድ ይሁን። የቤታችሁ ወለል አፈር ከሆነ ቢያንስ የሚተኙበትንና የሚጫወቱበትን አንጥፉለት።

አማትህንም አትርሳቸው። «ከዚህ በኋላ ምን ይደረጋል» የሚባል በሽታ አይደለም። በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ። ከዚያ በረኪና ጠብ የተደረገበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ መጠኑን ጤና ጣቢያ ያሳዩዋችሁ፤ በግምት እንዳታደርጉት፣ ቆዳ ያቃጥላል። በጣቶቹ መሀል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ። ሐኪም ካዘዘ ደግሞ ፋሻ። እግሩ ሲነሳባቸው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፤ ብዙ የሥራ ቀን የሚበላው እሱ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሰዎች ተከፍለው ሲታዩ፣ ይህን እንክብካቤ ያገኙት ላይ ሕመሙ የሚነሳበት ጊዜ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል። ሳሙና፣ ሳፋ፣ ቫዝሊን፣ ካልሲ። ለዚህ ሪፈር ወረቀት አያስፈልግም።

እቴቴ ይህን የጀመረችው በስተርጅና ነው፤ እኔ አንድ ስልጠና ላይ በሽታውን በስሙ ካወቅሁት በኋላ። ሳፋውን ይዤ ሄጄ አጠብኳት። ያልኳትን እንዳልረሳች አውቃለሁ፤ እሷ ግን አላነሳችብኝም። የመጀመሪያው ለውጥ ሽታው ነው የጠፋው። ቀጥሎ ቆዳው ለሰለሰ። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን ቀነሰ፤ በልኳ የተሰፋ ጫማ ገባላት። ለዓመታት ያልረገጠችው ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቅዳሴ ቆመች። ዝተቱም ለአልጋ ብቻ ሆነ።

የቀሩት አጎትህ ናቸው። እሳቸውን አታቃልላቸው፤ ዘር መቁጠር ራሱ ከንቱ ነገር አይደለምና። አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያጋቡበት ሥርዓት በጂን ሳይንስ ዓይንም ፍሬ ያለው ነው። እያንዳንዳችን ዝም ብሎ የተቀመጠ፣ ብቻውን የማይጎዳ የተበላሸ ጂን እንይዛለን። ጉዳቱ የሚመጣው ልጁ ያንኑ ብልሽት ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች ከስምንት አንድ እጅ ጂናቸው የጋራ ነው። የእነሱ ልጆች እርስ በርስ ከ32 አንድ። ቀጥለው ያሉት ከ128 አንድ። ሰባት ቤት ሲሞላ ከባዳ የሚለይ ነገር የለውም። ስለዚህ ለአጎትህ እንዲህ በላቸው፦ «ቆጠራው ዝምድና እንዳይኖረን ነው፤ ዝምድና የለንም። የእናቷ እግር ግን የሚቆጠረው ከዘር ሳይሆን ከጫማ ነው።» ካልሰሙህ ደብዳቤውን አንብብላቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጥሎሹ ላይ ለእናትየው ከቀሚሱ ጋር በልካቸው የተሰፋ ሰፊ ጫማ አድርግበት።

*

«እኔ የ77 ልጅ ነኝ፤ በአንኮበር በኩል ነው የተወለድኩት። እናቴ በድርቁ ጊዜ ነፍሰ ጡር ሆና ቆሎ እንኳ አጥታ ነበር ትላለች። አምና ስኳር ተገኘብኝ። ወፍራም አይደለሁም። በቤተሰባችን ስኳር ያለበት አላውቅም። በሬዲዮ ‹ረሃብ በጂን ላይ ምልክት ይተዋል› ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ልጆቼስ?»

ወንድሜ፣ በ77 እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ገብሱን በእፍኝ እየሰፈረች፣ የሰፈረችውን ደግሞ ከፍላ ስትመልስ ዛሬም ይታየኛል። ጥያቄዎ ሩቅ አልሆነብኝም።

ሬዲዮው ያወራው ስለ ኤፒጄኔቲክስ ነው። ቃሉ ያስፈራል፤ ነገሩን ግን እኔ ከትምህርት ቤት በፊት ቤታችን አይቼዋለሁ። አባቴ ድጓ ጸሐፊ ነበር። ብራናው ላይ መጀመሪያ ፊደሉን ይጽፋል። ከዚያ በቀጭን ብርዕ ተመልሶ ከፊደሎቹ በላይ ደቃቅ ምልክቶች ያኖራል። ድፋት ካለ ድምፁ ይወርዳል። ቅናት ካለ ሽቅብ ይወጣል። ቁርጥ ካለ ቆረጥ ይደረጋል። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልተነካም። ዜማውን የሚያደርገው ምልክቱ ነው።

ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው ጽሑፍ ነው። የጉበትዎና የዓይንዎ ሴሎች የያዙት ያንኑ ጽሑፍ ነው። ታዲያ ጉበቱ ዓይን ያልሆነው በምልክቱ ነው። ከምልክቶቹ በጣም የታወቀው ሜቲል ይባላል፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ብቻ ነው። ፊደሉ ላይ ጉብ ይላል። ጂኑ መግቢያ ላይ ሲበዛ ጂኑ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ሲቀንስ ይናገራል። ምልክቱ በምግብ፣ በሲጋራ፣ በዕድሜ ይነካል። ፊደሉ ግን አይነካም።

ስለ ረሃብ በደንብ የተጠናው የሆላንድ ታሪክ ነው። በፈረንጆች 1944 መጨረሻና 1945 መጀመሪያ፣ ጦርነት ላይ፣ ጀርመኖች ምግብ እንዳይገባ ዘጉ። ለሰው የሚታደለው ምግብ በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። ሆላንዶች መዝገብ አያያዝ ያውቁበታልና የእናቶችና የሕፃናት መዝገብ ሳይጠፋ ቆየ። ከ60 ዓመት በኋላ በዚያ ክረምት የተፀነሱ ሰዎች ደማቸው ተመረመረ፤ ከረሃቡ ውጪ ከተፀነሱ ከገዛ እህት ወንድሞቻቸው ጋር ተነጻጸሩ። አይጂኤፍ2 የሚባል የዕድገት ጂን ላይ የሜቲል ምልክታቸው አንሶ ተገኘ። ስድሳ ዓመት! በሌላ ጥናትም ማኅፀን ውስጥ ሆነው ረሃቡ የደረሰባቸው ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ ስኳርን የመቆጣጠር አቅማቸው ደክሞ ታይቷል።

የእኛም ተጠንቷል፤ በምልክት ባይሆንም በቁመት። የ77ቱ ረሃብ ሲከፋ ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ የነበራቸው የገጠር ልጆች ካደጉ በኋላ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል።

ስለዚህ «እውነት ነው?» ላሉት፣ አዎ። «የእኔ ስኳር ከዚያ ነው?» ካሉኝ ግን እዚያ ላይ እንዲህ ነው ብዬ አልምልልዎትም። እነዚህ ጥናቶች የሚያዩት ብዙ ሰው በአንድ ላይ ነው። የአንድን ሰው ደም አይቶ «ይህ የ77 ነው» የሚል ምርመራ የለም። እናትዎ ግን ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ይህንን ይንገሯቸው፤ እናቶች እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው በሆዳቸው ይይዙታል።

የሚጠቅምዎትን ልንገርዎ። ቀጭን ሆኖ ስኳር የተገኘበት ሰው ዓይነቱ ይጣራለት። ከተለመዱት ከ1ና ከ2 ሌላ፣ ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በፈረንጆች 2025 ዓይነት 5 ብሎ ተቀብሎታል። መድኃኒቱና መጠኑ ሊለያይ ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ከታዘዘልዎት ደግሞ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሐኪሙን ያነጋግሩ። ኪኒኑን በጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ማሳ ላይ ወድቆ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የወደቀው ከጾሙ አይደለም፣ ከሰዓቱ ነው።

ልጆችዎ። አባቴ አሮጌ ብራና ላይ አዲስ ሲጽፍ የድሮውን ይፍቅ ነበር። ሰውነትም እንደዚያ ያደርጋል፤ የዘር ፍሬ ሲሠራ አንዴ፣ ፅንሱ ሲጀምር ሌላ ጊዜ፣ አብዛኛውን ምልክት ፍቆ እንደገና ይጽፋል። ሳይፋቅ የሚያልፍ አለ ወይ የሚለው በአይጥ ላይ ብዙ ታይቷል፤ በሰው ላይ ግን ማስረጃው ቀጭን ነው፣ ምሁራኑም ገና ይከራከሩበታል። ልጆችዎ ከእርስዎ በእርግጠኝነት የሚወርሱት አንድ ትሪ ነው። እሱ ላይ ምን እንደሚቀርብ እርስዎ ያውቃሉ። እነሱም ዕድሜያቸው ሲደርስ በዓመት አንዴ ስኳራቸውን ይለኩ።

*

«ከአረርቲ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ጀርባው ላይ ክፍት ሆኖ ተወለደና ሞተብኝ። አማቴ ‹በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ወጥቶ አያውቅም፣ በዘርሽ አለ› አለችኝ። ድጋሚ ለመውለድ ፈራሁ።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አማትሽን ለጊዜው ተያት።

የሕፃኑ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሴት በዚያን ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። የዘር ድርሻ አለው፤ ግን የአንቺ ብቻ አይደለም፣ የባልሽም ነው። ትልቁ መከላከያ ደግሞ በእጅ ነው፤ ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን። ቅድም ያወራሁትን ሜቲል ሰውነት የሚሠራው በዚሁ ቫይታሚን እየታገዘ ነው። በፈረንጆች 1991 ይፋ በሆነ ትልቅ ሙከራ፣ እንደ አንቺ የደረሰባቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊ ግራም ሲወስዱ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ ቀንሷል። ለሌላው ሴት የሚበቃው 0.4 ሚሊ ግራም ነው፤ ያንቺ አሥር እጥፍ ነውና በሐኪም ትዕዛዝ ይሁን። አሁን ሂጂ፣ ካረገዝሽ በኋላ አይደለም። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መጀመር አለበት። ጎመንና ምስር ብዪ፤ ግን ጎመን ብቻውን እዚህ መጠን ላይ አያደርስሽም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ መናገር አትርሺ፤ አንዳንዱ ይህንኑ ችግር ያመጣል።

ያለ መድኃኒትም ቢሆን ሁለተኛው ልጅ ላይ የሚደገመው ከ100 ከ2 እስከ 5 ቢሆን ነው። ለአማትሽ መንገር ከፈለግሽ ይህን ቁጥር ንገሪያት። ካልፈለግሽም ኪኒኑን ውሰጂና ዝም በያት።

*

«ደብረ ብርሃን የምማር ተማሪ ነኝ። ለሳል ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ወሰድኩ። ጓደኛዬን ምንም አላለውም፤ እኔን ቀኑን ሙሉ ድብን አድርጎ አስተኛኝ፣ አቅለሸለሸኝም። ሰነፍ ነህ እያሉ ሳቁብኝ። የቀረውን አራስ ለሆነችው እህቴ ልሰጣት ነው፤ እሷም ታስላለች። እኔን ብቻ ለምን?»

ሰነፍ አይደለህም። ምናልባት ጉበትህ ፈጣን ነው። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ሞርፊን የሚሆነው ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባል ጂን ሥራ ነው። ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በፈረንጆች 1996 ባወጡት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ትርፍ ቅጂ አላቸው፤ ትርፉ ሥራውን ያፈጥነዋል። ስዊድናውያን ላይ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። የሚገርመው ደግሞ ኋላ ላይ ተመሳሳይ ጂን ያላቸው ኢትዮጵያውያን፣ እዚህ የሚኖሩትና ስዊድን የሚኖሩት ሲነጻጸሩ፣ እዚህ ያሉት ላይ ሥራው ቀርፋፋ ሆኖ ተገኘ። ጂኑ አንድ፣ አገሩ ሁለት። በል እንግዲህ፣ ለጓደኞችህ ይህን አስነብባቸው።

እህትህ ጋ ግን ቀልድ የለም። እሷም ያንተው ጉበት ካላት ኮዴይኑ በፍጥነት ሞርፊን ሆኖ በጡቷ ወተት ወደ ሕፃኑ ይሄዳል፤ እንዲህ ሆኖ ትንፋሽ ያጠረው፣ የሞተም ሕፃን አለ። ለምታጠባ እናትም ሆነ ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። ጠርሙሱን ዛሬውኑ ከቤት አውጣው። እህትህን ለሳሏ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ጠጥታለት ከሆነ ደግሞ ሕፃኑን እዩት፦ እንቅልፉ ከበዛ፣ ጡት መያዝ ካቃተው፣ ትንፋሹ ከዘገየ ነገ አትበሉ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሩጡ።